«ኮሌጅ ጨርሷል ብለህ ጻፍ»

በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ በማፈላልግበት ሰሞን ለአንድ የቤት ለቤት ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። አበሉ ደህና ነው፣ ታብሌት ይሰጣል፣ በቀን ስምንት ቤት ማዳረስ ግዴታ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች በአንዱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ስድስተኛው ቤት ላይ አንዲት እናት ቡና አፍልተው አስቀመጡኝ። ስለ ቤተሰቡ አባላት ተራ በተራ እየጠየቅሁ ትልቁ ልጃቸው ጋ ደረስኩ። ልጁ የለም፤ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዷል።

«የመጨረሻ የትምህርት ደረጃው ምንድን ነው እማማ?»

«ኮሌጅ ነው የተማረው።»

«ጨርሷል?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ጨርሷል ብለህ ጻፍ ልጄ።»

ዲግሪ ይሁን ዲፕሎማ፣ ደረጃ 2 ይሁን ደረጃ 4፣ ሲኦሲ ይለፍ አይለፍ እሳቸው አያውቁም። የሚያውቁት ልጃቸው ከተማ ቤት ተከራይቶ ሁለት ዓመት መማሩን፣ የቤት ኪራዩንም እሳቸው መክፈላቸውን ነው። ታብሌቱ ደግሞ ያ ጥያቄ ካልተሞላ ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። ሁለት ቤት ይቀረኛል፣ ፀሐይ እየወረደች ነው። «ደረጃ 4» የሚለውን ነካሁትና አለፍኩ። ለምን 4? እኔ እንጃ። ቡናው ጥሩ ስለነበር ይሆናል።

ከወራት በኋላ የጥናቱ ሪፖርት ሲወጣ በአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ምሩቃን ድርሻ ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ ተጨምሮበት፣ በሠንጠረዥ ተውቦ አየሁት። በዚያች ከነጥብ በኋላ ባለች አኃዝ ውስጥ የእኔ ጣት አለበት።

ይህን ያስታወሰኝ ከአገራችን በጣም ሩቅ የሆነ ነገር ነው። ሰሞኑን ስለ አውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም ስለ አቦርጂኖችና ስለ ቶረስ ስትሬት ደሴት ሰዎች፣ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ስላለው ትምህርታቸው ሳነብ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ስለ አገራችን ስናወራ ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአውስትራሊያ መንግሥታትና የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች በ2020 ልዩነትን ለማጥበብ አንድ አገራዊ ስምምነት ፈርመዋል። ከግቦቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 34 ከሆኑት ነባር ሕዝቦች ውስጥ ሰርተፍኬት 3 ወይም ከዚያ በላይ የያዙት በ2031 70 በመቶ ይደርሳሉ። በመነሻው ዓመት በ2016 42.3 በመቶ ነበሩ። በ2021 47.0 በመቶ ሆኑ።

4.7 ነጥብ ጨመረ ማለት ነው። ጥሩ ዜና ነው አይደል? እኔም እንደዚያ አልኩ። ከዚያ ግን «ይሄን ማነው የሞላው?» የሚል የድሮ መረጃ ሰብሳቢ ጥያቄ መጣብኝ።

ቁጥሩ የሚመጣው ከሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። አውስትራሊያ በየአምስት ዓመቱ ትቆጥራለች። ስታቲስቲክስ ቢሮዋ በዓለም ከሚከበሩት ነው፤ የራሱን ጉድለት ራሱ አጥንቶ የሚያሳትም መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ወቀሳ አይደለም። አብዛኛውን የተረዳሁት እነሱ ራሳቸው ስለ ስህተታቸው በግልጽ ስለጻፉ ነው፤ ብዙ አገር ይሄን አያደርግም።

መጀመሪያ ግን አንድ ታሪክ መታወቅ አለበት። በ1901 ሥራ ላይ የዋለው የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 127 የአገሪቱ ሕዝብ ሲቆጠር አቦርጂኖች በቁጥሩ ውስጥ እንዳይገቡ ይደነግግ ነበር። አንቀጹ የተሻረው በ1967 ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ከመራጩ ከ90 በመቶ በላይ ደገፈው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ቆጠራ በ1971 ተካሄደ። እንግዲህ አያቶቹ «አይቆጠሩም» የተባሉበት ሰው ዛሬ በሩ ሲንኳኳ ቅጹን በደስታ ተቀብሎ ይሞላል ብላችሁ አትጠብቁ። መንግሥት ስም እየመዘገበ ልጆችን ከቤተሰባቸው ይወስድ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎችም ገና በሕይወት አሉ።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በ2021 ቆጠራ ነባር ሕዝብ ነን ያሉት 812,728 ሰዎች ናቸው። ቢሮው በኋላ የገመተው ትክክለኛ ቁጥር ግን ወደ 983,700 ይጠጋል። ይህ 17.4 በመቶ ጉድለት ነው፤ ከስድስት ሰው አንዱ ያህል ማለት ነው። የጠቅላላው የአገሪቱ ሕዝብ ጉድለት በዚያው ዓመት ከ1 በመቶ በታች ነበር። አንድ አገር፣ አንድ ቆጠራ፣ አንድ ቅጽ፤ ልዩነቱን እዩት።

ጉድለቱ እንዴት ታወቀ? ከቆጠራው ጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠያቂዎች ወደ ተመረጡ ቤቶች ይሄዱና «በቆጠራው ሌሊት የት ነበራችሁ? ማን ማን ነበረ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ መልሱን ከቅጹ ጋር ያመሳክሩታል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን የሚነግረን ስንት ሰው እንደቀረ ነው። የቀረው ሰው ሰርተፍኬት ይኑረው አይኑረው አይነግረንም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በቆጠራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያመልጡት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ዘመድ ቤት፣ ከነገ ወዲያ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ። የትምህርቱ ግብ የሚለካው ደግሞ ከ25 እስከ 34 ባሉት ላይ ነው። ከአገሪቱ ክፍሎችም እንደ ኖርዘርን ቴሪቶሪና ምዕራብ አውስትራሊያ ባሉት ጉድለቱ ከፍ ይላል፤ እዚያ ያሉት ራቅ ያሉ መንደሮች ደግሞ ማሠልጠኛ ተቋም በቅርብ የሌላቸው ናቸው። የተቆጠሩት ካልተቆጠሩት በትምህርት የሚሻሉ ከሆነ 47.0 የሚለው ቁጥር እውነቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። የሚሻሉ ካልሆነስ? ቆጠራው ራሱ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ነው።

በቅጹ ውስጥ የገቡትም ቢሆኑ ሁሉንም ጥያቄ አልመለሱም። ቅጹ «ይህ ሰው ከአቦርጂናል ወይም ከቶረስ ስትሬት ደሴት ትውልድ ነው?» ይላል። በ2016 ከአገሪቱ ሕዝብ 6 በመቶ ያህሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። በ2021 ወደ 5 በመቶ ወረደ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቅጽ ያልመለሱ ቤቶች ናቸው። ቤቱ ሰው እንዳለበት ከታወቀ ቢሮው የነዋሪዎቹን ቁጥር፣ ዕድሜና ጾታ በስሌት ይሞላል። ትውልዳቸውን ግን አይገምትም፤ ትምህርታቸውንም አይገምትም። «አልተገለጸም» ብሎ ይተወዋል። ትክክል አድርጓል፤ እኔ ቢሆን «ደረጃ 4» ብዬ እሞላው ነበር።

አሁን ወደ ትምህርቱ ጥያቄ እንምጣ፤ እኔን የሳበኝ እሱ ነው።

ቅጹ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ስለሆኑ ሰዎች መጀመሪያ «የትምህርት ማስረጃ ያገኘበት ስልጠና አለ?» ይላል፤ ከዚያ «ካገኛቸው ከፍተኛው ደረጃ ምንድን ነው?» ብሎ ቦታ ይተዋል። መልሱ በጽሑፍ ነው። የተጻፈውን ቢሮው በኋላ በኮድ ይመድበዋል። በአውስትራሊያ የሙያ ሰርተፍኬት ከ1 እስከ 4 ነው፤ ከዚያ ዲፕሎማ፣ ከፍተኛ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ እያለ ይሄዳል። ከእኛ ደረጃ 1 እስከ 5 ብዙም አይርቅም። ሰርተፍኬት 2 ብዙ ጊዜ አጭርና መግቢያ የሆነ ስልጠና ነው፤ ተማሪዎች ገና ሁለተኛ ደረጃ እያሉ ሊወስዱት ይችላሉ። ሰርተፍኬት 3 ግን ኤሌክትሪሻን፣ አናጢ፣ ፀጉር ሠሪ የሚያደርግ ነው። ለግቡ የሚቆጠረው ከ3 ጀምሮ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ቁጥር ናት ሰውዬውን «ግቡን ያሳካ» ወይም «ያላሳካ» የምታደርገው።

ቅጹን የሚሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቤቱ አንድ ሰው ነው፤ ለሁሉም እሱ ይመልሳል። የአክስቴ ልጅ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነው የምትኖረው። የአረጋውያን እንክብካቤ ሰርተፍኬት 3 አላት። ስለዚህ ጉዳይ ስጠይቃት ስቃ ሞተች። በ2021 ቆጠራ ለራሷም፣ አብረዋት ለሚኖሩት ለሁለቱ ልጆችም በስልኳ የሞላችው እሷ ነች።

«የእነሱን ትምህርት በምን አወቅሽ?»

«አንደኛዋ ነርሲንግ ነገር ተምራለች። ‹ሰርተፍኬት› ብዬ ጻፍኩላት።»

«ስንተኛ?»

«እኔ እንጃ! ሰርተፍኬት ሰርተፍኬት ነው።»

እንግዲህ «ሰርተፍኬት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ መልስ ደረጃው ያልታወቀ በሚል ኮድ ውስጥ ይገባል። ከ3 በላይ ነው? በታች ነው? ኮድ መዳቢው ከየት ያምጣው? አንዳንዱ ደግሞ የአንድ ቀን የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ስልጠና ወስዶ ወረቀት ስለተሰጠው «አዎ፣ ማስረጃ አለኝ» ይላል። በተቃራኒው ሙያውን ከጨረሰ ሃያ ዓመት የሞላውና ወረቀቱ የጠፋበት ሰው «የለኝም» ሊል ይችላል። ይህ የማንም ሕዝብ ችግር ነው። ነገር ግን በነባር ሕዝቦች ላይ ይበልጥ ይከብዳል፤ በአንድ ቤት የሚኖረው ሰው ብዛት ከሌላው አውስትራሊያዊ በአማካይ ይበልጣል፣ ዘመድ ይመጣል ይሄዳል፣ ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው የሚመልሰው ሰው ይበዛል። ስለ ወንድማችሁ ልጅ የሰርተፍኬት ቁጥር እናንተ ታውቃላችሁ?

ራቅ ባሉ የነባር ሕዝቦች መንደሮች ቢሮው ሌላ ዘዴ ይጠቀማል። ቅጽ ጥሎ አይሄድም፤ ከማኅበረሰቡ ሰው ይቀጥርና በቃለ መጠይቅ ይሞላል፣ ጊዜውም ከአንድ ሌሊት በላይ የሚዘልቅ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ በሆነበት ቦታ ይሄ ግዴታ ነው። ግን እኔ ያንን ሥራ ቀምሼዋለሁ። ጠያቂና ተጠያቂ በሚተዋወቁበት ቦታ «አልጨረሰም» ማለት ከባድ ነው። እማማም እኮ አልዋሹኝም። የከፈሉት ኪራይ ዋጋ እንዳለው ነው የነገሩኝ።

ይህን ሁሉ «ትንንሽ ስህተት ነው፣ እርስ በርሱ ይጣፋል» ማለት ይቻላል። አንዳንዴ ይጣፋል። እስቲ ግን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ የእኔ ፈጠራ ናቸው፣ ለማስረዳት ብቻ። 100 ወጣቶች አሉ እንበል። 45ቱ ሰርተፍኬት 3 ወይም በላይ አላቸው፣ 45ቱ የላቸውም፣ 10ሩ አልተገለጸም። አሥሩን ከስሌቱ ካወጣናቸው 45 ለ90 ሲካፈል 50 በመቶ ይሆናል። አሥሩን ከአካፋዩ ውስጥ ካስቀረናቸው 45 በመቶ። አምስት ነጥብ ልዩነት! አንድም ሰው ሳይመረቅ፣ አንድም ሰው ትምህርት ሳያቋርጥ። ከ2016 እስከ 2021 የታየው እውነተኛ ለውጥ ደግሞ 4.7 ነው። እንግዲህ በሪፖርት ግርጌ በትንንሽ ፊደል የምትጻፈው «ያልተገለጹት አልተካተቱም» የምትለዋ መስመር የአምስት ዓመት ፖሊሲን ያህል ክብደት ሊኖራት ይችላል። በሁለቱም ዓመት አንድ ዓይነት ስሌት ከተሠራ ችግሩ ይቀንሳል፤ ያልመለሱት ሰዎች ብዛትና ማንነት ከተለወጠ ግን አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የሚገርመው። በ2016 ነባር ሕዝብ ነን ያሉት 649,171 ነበሩ። በ2021 812,728። በአምስት ዓመት 163,557 ሰው፣ 25 በመቶ ጭማሪ። የትኛውም ሕዝብ በወሊድ እንዲህ አያድግም። ቢሮው ራሱ ሲያጠናው ከጭማሪው ከግማሽ የሚበልጠው በወሊድና በመሰል ምክንያት ሊብራራ እንደማይችል ጽፏል። ሰዎች በፊት «አይደለሁም» ያሉትን ወይም ዝም ያሉትን አሁን «ነኝ» እያሉ ነው። ይሄ በራሱ ደስ የሚል ነገር ነው፤ መደበቅ የነበረበት ማንነት በአደባባይ ሲነገር። ለስታቲስቲክስ ግን ራስ ምታት ነው። በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ኒኮላስ ቢድልና ፍራንሲስ ማርካም የአንድን ሰው መልስ ከቆጠራ ወደ ቆጠራ የሚያገናኝ የናሙና መረጃ ተጠቅመው ጉዳዩን ተከታትለውታል።

ለምን ራስ ምታት እንደሚሆን ደግሜ በፈጠራ ቁጥር ላሳያችሁ። ከ100 ወጣት 40ው ሰርተፍኬት ነበራቸው። በሚቀጥለው ቆጠራ 25 ሰዎች «እኛም ነን» ብለው ተጨመሩ፤ አብዛኞቹ ከተማ ያደጉ ናቸው እንበልና 15ቱ ሰርተፍኬት አላቸው። አሁን 55 ለ125፣ 44 በመቶ። አራት ነጥብ «እድገት»። በመጀመሪያዎቹ 100 ቤት ግን ምንም አልተቀየረም። ሚኒስትሩ መግለጫ ይሰጣል፣ በጀቱ «ሠርቷል» ተብሎ ወደ ሌላ ይዞራል፣ በረሃ ውስጥ ያለችው መንደር ማሠልጠኛ ሳታገኝ ትቀራለች። በስታቲስቲክስ ክፍል ስንማር «የስብጥር ለውጥ» ተብሎ በግማሽ ገጽ ያለፍነው ነገር ይሄ ነው። ፈተና ላይም አልመጣም።

ሌላ ምንጭ የለም ወይ? አለ። አደሌድ ያለው ብሔራዊ የሙያ ትምህርት ምርምር ማዕከል ከማሠልጠኛዎች የተመዝጋቢና የተመራቂ መረጃ ይሰበስባል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሙያ የሚማር ሁሉ አንድ መለያ ቁጥር አለው። የእነሱ መዝገብ ደረጃውን አይስትም፤ 3 ከሆነ 3 ነው። ግን ከ2015 በፊት የተማረውን በዚያ ቁጥር ማግኘት አይቻልም፣ አንድ ሰው ሦስት ሰርተፍኬት ሲወስድም ሦስት ምርቃት ይሆናል። ከሁሉም በላይ ማሠልጠኛ ሲመዘገብ «አቦርጂናል ነኝ» ያለ ሰው በቆጠራ ቅጽ ላይ ያንኑ ላይል ይችላል። ተካፋዩን ከአንድ መዝገብ፣ አካፋዩን ከሌላ መዝገብ ወስዶ ማካፈል ደግሞ በእኔ እምነት ከሁሉም የባሰ ስህተት ነው። ከነባር ሕዝቦች ጋር ፊት ለፊት የሚደረጉ የናሙና ጥናቶችም አሉ፤ በ2014–15 የተደረገው ማኅበራዊ ጥናት አንዱ ነው። እነሱ በጥልቀት ይጠይቃሉ፤ ናሙናቸው ግን ለአንዲት መንደር ቀርቶ ለአንድ አካባቢም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ወደ ቆጠራው ነው የሚመለሱት። በስምምነቱ ውስጥ መረጃውን ከነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ጋር በየአካባቢው መጋራት ከአራቱ ዋና ማሻሻያዎች አንዱ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። የመንደሩ ሰው ሠንጠረዡን ቢያየው «እዚህማ ይሄን ያህል ተመራቂ የለም» ወይም «ኧረ ከዚህ በላይ ነው» ማለት ይችላል።

ማያም ናይሪ ዊንጋራ የሚባል የነባር ሕዝቦች የመረጃ ባለቤትነት ስብስብ አላቸው። ከታዝማኒያ የሆነችው የሶሺዮሎጂ ምሁር ማጊ ዋልተር ደግሞ መንግሥት ስለ እነሱ የሚሰበስበው መረጃ ሁልጊዜ የጎደለውን ብቻ የሚለካ ነው ብላ ትከራከራለች። መጀመሪያ ሳነበው «ታዲያ ጉድለት ካልተለካ እንዴት ይሞላል?» ብዬ ነበር። ከዚያ ሌላ ቤት ትዝ አለኝ። ከእማማ ቤት በማግስቱ አንድ አባት አገኘሁ። ጎጃም ወርደው ብዙ ዓመት ቅኔ የተማሩ፣ ያስተማሩም። ታብሌቱ ላይ ለእሳቸው የሚቀርበው ምርጫ «መደበኛ ያልሆነ ትምህርት» የሚለው ነበር። የማላውቀው ልጅ «ደረጃ 4» ሲሆን እሳቸው ከዚያ በታች ሆኑ። በአውስትራሊያም የአባቶቹን መሬት፣ የቃጠሎውን ወቅት፣ አራት አምስት ቋንቋ የሚያውቅ ሽማግሌ በቅጹ ላይ «ማስረጃ የለውም» ነው። ሽማግሌውን ሰርተፍኬት 3 ይሰጠው እያልኩ አይደለም። 47.0 የሚለው ቁጥር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ለይተን እንያዘው ነው የምለው።

እኛ ጋ ምን አለ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው፤ አራተኛው ተደጋግሞ ተራዘመ። እነሱ ከስድስት ሰው አንዱ ቀረብን ብለው ይጨነቃሉ፤ እኛ ዘንድ ከ1999 ወዲህ የተወለደ ልጅ ሁሉ አንድም ጊዜ በቆጠራ አልተቆጠረም። ከእነዚህ ትልልቆቹ ዛሬ ራሳቸው ደረጃ 1 ወይም 2 እየተማሩ ነው። ስንቶቹ ጨረሱ፣ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ሙያ የሚለውን በናሙናና በትንበያ ነው የምናወራው። ከናሙናዎቹ አንዷን ማን እንደሞላት ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

አንድ ቀን ቆጠራው ሲታወጅ ብዙ መረጃ ሰብሳቢ ይፈለጋል፤ ሥራ ከሌለኝ እመዘገባለሁ። ስልጠናው ላይ ታብሌቱን ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው ግን የትምህርት ደረጃ የሚለው ጥያቄ ሥር «አላውቅም» የሚል ምርጫ መኖሩን ነው።